የታይሮይድ ኪኒንና የድሬ ቁርስ

ድሬ በሰኔ እንዴት እንደምትነድ የኖረባት ያውቃል። ማታ ሰው ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እኔ ግን የዛሬ አራት ዓመት በዚያ ሙቀት ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደርቤ እተኛ ነበር። እግሬ በረዶ ነው። እናቴ ግንባሬን ዳስሳ «ወባ ነው» አለች። ተመረመርኩ፣ ወባ የለም። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ዋጥኩ፣ ጨረስኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ፀጉሬ በእፍኝ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ሆዴ ለአራት ለአምስት ቀን ይደርቃል፣ ድምፄ ጎርነን ብሏል፣ ከምሳ በኋላ ካልተኛሁ ደግሞ መቆም አልችልም። «ሰነፍሽ እኮ» ያለኝ ሰው ነበር። ቃሉ ዛሬም ያመኛል። አልሰነፍኩም፣ ታምሜ ነበር።

ከወር በኋላ ሌላ ሐኪም ከኋላዬ ቆሞ አንገቴን በሁለት እጁ ዳሰሰና «እስቲ ምራቅሽን ዋጪ» አለኝ። ዋጥኩ። ከዚያ ሦስት የታይሮይድ የደም ምርመራ ጻፈልኝ፦ ቲኤስኤች፣ ቲ4 እና አንቲ ቲፒኦ። ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች 38 ነበር። እንደየላብራቶሪው ቢለያይም ጤናማው ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። አንቲ ቲፒኦውም ከመጠን በላይ ወጥቷል። «ሃሺሞቶ የሚባል የታይሮይድ በሽታ ነው» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ስለ ምግቡ ነው። ሃሺሞቶ አለብሽ የተባልሽ ዕለት ከኪኒኑ ቀድሞ የሚደርስሽ የምግብ ዝርዝር ነው። ይህን ተይ፣ ያንን ተይ፣ ይሄ መርዝ ነው። እኔ ዝርዝሩን ተከትዬ ተጎድቻለሁ። በአራት ዓመት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ለብዙዎቻችን ምን እንደምንበላ ከሚያመጣው ለውጥ መቼ እንደምንበላ የሚያመጣው እንደሚበልጥ ነው። ይህ ደግሞ በድሬና በሐረር ገበታ ላይ የራሱ መልክ አለው። አብዛኛው ታማሚ ሴት ስለሆነ አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ወንዶችም አላችሁ፣ ለራሳችሁ እያዞራችሁ አንብቡልኝ።

መጀመሪያ በሽታው ይግባን። ታይሮይድ አንገት ፊት ለፊት ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል እጢ ነው። ቢመዝን 20 ግራም ገደማ ነው። ከምግባችን አዮዲን እየለቀመ ሆርሞን ይሠራል። ቲ4 የተባለው አራት አዮዲን ስላለበት ነው፣ ቲ3 ደግሞ ሦስት። ይህ ሆርሞን ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ፣ ስሜታችን ሳይቀር በሱ ነው የሚሄደው። ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው በድሬ ሰኔ ጋቢ የፈለግኩት።

ቲኤስኤች ከታይሮይድ አይመጣም። ጭንቅላት ውስጥ ያለች ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ ናት የምትልከው፤ ታይሮይድን «ሥሪ» እያለች የምታዝበት ነው። ታይሮይድ ካልሰማቻት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። የኔ 38 ጩኸት ነበር። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ሲል ሆርሞኑ አንሷል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚረዳው ነው ደግሜ የምለው።

ሃሺሞቶ የሰው ስም ነው። ሃካሩ ሃሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 የአራት ሴቶችን እጢ መርምሮ ውስጡ በነጭ የደም ሴሎች ተወርሮ ማግኘቱን ጻፈ። ለምን እንደተወረረ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። በ1956 ለንደን ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው ሚስጥሩን ያገኙት። ከጀርም ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን መከላከያ የገዛ ታይሮይዳችንን እንደ ጠላት ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል፣ ቀስ በቀስም ያፈርሰዋል። አንቲ ቲፒኦ የሚባለው ምርመራ ይህንን ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። እኛ ዘንድ ታይሮይድ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው እንቅርት ነው። እንቅርት የእጢው ማበጥ ነው፣ መንስኤውም ብዙ ነው። በአገራችን ለዘመናት ዋናው መንስኤ የአዮዲን እጥረት ነበር። ሃሺሞቶ አንገትን ሊያሳብጥም ላያሳብጥም ይችላል፤ የኔ አላበጠም። ስለዚህ «አንገትሽ ደህና ነው፣ ምንም የለብሽም» የሚልሽን ሰው አትስሚ፣ በደም ነው የሚታወቀው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። በሽታዬ በታወቀ ሳምንት ካናዳ ያለች የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ረጅም ዝርዝር ላከችልኝ። ፍቅሯ ነው፣ አልወቅሳትም። ኦቶኢሙን ፕሮቶኮል ይሉታል። ሐሳቡ ብዙ ምግብ ለጊዜው አቁሞ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የሚጎዳውን መለየት ነው። የሚቆመው፦ እህል በሙሉ፣ ጥራጥሬ በሙሉ፣ ወተትና ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ፣ ድንች፣ ለውዝና ሰሊጥ፣ ስኳር፣ ቡና።

ይህን ዝርዝር ገበታችን ላይ አስቀምጪው። እንጀራ ወጣ። ሽሮ ወጣ፣ ምስር ወጣ፣ ፉል ወጣ። በርበሬ ከወጣ ወጥ የሚባል ነገር የለም። ቅቤ የለም፣ እርጎ የለም። የሐረር ቡና ሐረር ካለው ከፈረስ መጋላ አደባባይ አንድ እርምጃ ሳይርቅ እየተቆላ ለኔ ክልክል ሆነ። የቀረኝ ሥጋ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንችና ፍራፍሬ ነበር። ሥጋው በየቀኑ የማይቻል ነው፣ ዋጋው ይታወቃል።

አምስት ሳምንት ታገልኩ። ሹዋሊድ በሚባለው የሐረሪዎች በዓል ሰሞን ሐረር ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ፣ ጀጎል ውስጥ። እናቷ ሑልበት መረቅ የሚባለውን የአብሽ መረቅ ሠርተው፣ ትሪው ዙሪያ ሰው ተቀምጦ፣ እኔ የያዝኩትን የተቀቀለ ስኳር ድንች ከፌስታል አወጣሁ። እናቷ ምንም አላሉኝም። ከፊት ለፊቴ ያስቀመጡትን ሳህን ብቻ ቀስ ብለው አነሱት። ያ ሳህን ሲነሳ ያየሁትን ፊታቸውን አልረሳውም። ከዚህም የባሰው ጥፋቴ ሌላ ነበር። «በምግብ እድናለሁ» ብዬ ለሦስት ሳምንት ኪኒኑን አቁሜ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ስመረመር ቲኤስኤቼ ተመልሶ ወጣ፣ በዚያ ላይ ደሜ አንሷል።

ዝርዝሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። ሃሺሞቶ ያለባቸው 17 ሴቶች ይህን አመጋገብ ለ10 ሳምንት ሞከሩ። ስሜታቸውና የኑሯቸው ሁኔታ ተሻሻለ። የታይሮይድ ሆርሞናቸውና ፀረ እንግዳ አካላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድንም አልነበረም። ማለትም ሰው ሊቀለው ይችላል፣ የፈረሰውን እጢ ግን ምግብ አልጠገነውም። ጣፋጭና በፋብሪካ የተቀነባበረ ነገር ስታቆሚ መቅለልሽ ደግሞ አይገርምም፣ ማንም ሰው ይቀለዋል።

የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ኪኒን ነው። እጢው ይሠራው ከነበረው ቲ4 ጋር አንድ ዓይነት ነው። መጠኑን ልብ በይ። ታይሮይዱ ፈጽሞ ላቆመ አዋቂ ሙሉው መጠን በኪሎ 1.6 ማይክሮ ግራም አካባቢ ነው፤ 60 ኪሎ የሆነች ሴት 100 ማይክሮ ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አየሽ? በዓይን ለማየት የሚያዳግት ቅንጣት ነው ቀኑን ሙሉ የሚያቆምሽ። እና ይህን ቅንጣት አንድ ስኒ ቡና ሊያሸንፈው ይችላል። ከፊሉን አንጀት ውስጥ ሳይመጠጥ ተሸክሞት ይወጣል።

ሕጉ ቀላል ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ካልሲየም፣ የደም ማነስ ኪኒን ማለትም ብረት ያለበት፣ እንዲሁም ለጨጓራ የሚወሰድ የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ ነጭ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ አራት ሰዓት ይራቅ።

ሕጉን ሁሉም ይነግርሻል። የማይነግሩሽ ነገር ቢኖር «በባዶ ሆድ» የሚባለውን ሰዓት እኛ ስንት ነገር ይዘን እንደምንጠብቀው ነው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሆድ ድርቀት ስላለብኝ እናቴ ጠዋት በባዶ ሆድ ተልባ በጥብጣ ትሰጠኛለች። ለስኳርና ለጨጓራ ይሆናል ተብሎ አብሽ በባዶ ሆድ። ማርና ሎሚ በሞቀ ውሃ፣ በባዶ ሆድ። ድሬና ሐረር ሀበት ሶዳ የምንለው ጥቁር አዝሙድም በባዶ ሆድ። ሁሉም ባዶ ሆድ ይወዳል! ተልባና አብሽ ፋይበራቸው ብዙ ነው፣ እየተዝለገለጉ ያቺን ቅንጣት ይይዟታል። እኔ ለወራት ኪኒኔን በተልባ ነበር የምውጠው፤ ሐኪሙ መጠኑን ከ50 ወደ 75፣ ከ75 ወደ 100 ሲጨምርልኝ ጥፋቱ በሽታው መስሎኝ ነበር። ተልባው መጥፎ አይደለም፣ ለሆድ ድርቀት በጣም ጥሩ ነው። ወደ ከሰዓት አዛወርኩት፣ አለቀ።

ከዚያ የድሬ ቁርስ አለ። ፉል በትኩስ ዳቦ፣ አጠገቡ ሻይ በወተት። ወተት ካልሲየም አለው፣ ፉሉ ፋይበር አለው። አንድ ሰዓት ቆይተሽ ከበላሽው ምንም አይልሽም። የግመል ወተትም እንደዚሁ ነው። እኛ ዘንድ የግመል ወተት የማያድነው በሽታ የለም ይባላል፣ ጥሩ ምግብ መሆኑን እኔም እመሰክራለሁ፣ ግን ከኪኒኑ ጋር አይሂድ። ጥሬውን ደግሞ አትጠጪ፣ አፍልተሽ ጠጪ፤ ከጥሬ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ቀልድ አይደለም።

የኔ ጠዋት አሁን እንዲህ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ይጮሃል። ትራሴ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ ፍሬ ማታ አዘጋጅቼ ነው የምተኛው። ዓይኔን ሳልገልጥ እውጠዋለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የእናቴ ቡና ይቆላል። ድሮ ሽታው እየጠራኝ ወዲያው ነበር የምሮጠው፤ አሁን እሷ ራሷ «ከዋጥሽ አንድ ሰዓት ሞላ ወይ?» ትለኛለች ጀበናውን ከማውረዷ በፊት። ምንም ሌላ ሳልቀይር፣ እንጀራዬን እየበላሁ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ በሁለት ወር ውስጥ ቲኤስኤቼ 3 ገባ።

ጥፋቱ ቶሎ የማይታወቅሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። የዋጥሽው ሆርሞን ግማሹ ከደም ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ ከቡና ጋር ብትውጪው ዛሬ አትደክሚም። ለወር፣ ለሁለት ወር ሲደጋገም ነው ቀስ ብሎ የሚጥልሽ፣ ያኔ ደግሞ ቡናውን ማንም አይጠረጥርም። መጠን ሲቀየርም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቀው የሚያስመረምሩሽ በዚሁ ምክንያት ነው። በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብለሽ አታቁሚው።

ጠዋቱ የማይመችሽ ከሆነ ማታም ይቻላል፤ ከራት በኋላ ሦስት አራት ሰዓት ቆይተሽ ልትተኚ ስትይ። ዋናው በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሐረር ያለችው ጓደኛዬ እንደኔው ሃሺሞቶ አለባት፣ ረመዷንን የምታልፈው እንዲህ ነው፦ ለሱሁር ከሚነሱበት አርባ አምስት ደቂቃ ቀድማ ትነሳለች፣ ትውጣለች፣ ሰው ሲነሳ አብራ ትበላለች። ከኢፍጣር በኋላ ልዋጠው ብላ ሞክራ ነበር፣ ግን የረመዷን ሌሊት ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ቴምሩ፣ ሻዩ አያቋርጥም፣ ባዶ ሆድ የሚባል ሰዓት አጣች። ለኦርቶዶክስ ጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ የማታው በጣም ይመቻል። የሚያሳስብሽ ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። የጾም ወተት ብለን የምንጠጣው የአኩሪ አተር ወተትም ኪኒኑን ይይዘዋል፣ ከሱ አርቂው። ሁለቱም ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪምሽን አናግሪ፣ በተለይ መጠንሽ ገና ካልተስተካከለ።

ስለ ስንዴ ብዙ ጥያቄ ይመጣልኛል። ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፣ ግሉተን የገባበት አንጀት ራሱን ያቆስላል፤ እሱም መከላከያው ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ስለሆነ ሃሺሞቶ ባለባቸው ላይ ከሌላው ሰው በዛ ብሎ ይታያል። ሴሊያክ ካለብሽ ግሉተን ለሕይወት ዘመንሽ ታቆሚያለሽ፣ ኪኒኑም የሚመጠጠው ያን ጊዜ ነው። ከሌለብሽ ግን ስንዴ ማቆም ታይሮይድን እንደሚያሻሽል የሚያሳምን ማስረጃ የለም። ሆድሽ በየጊዜው የሚነፋ፣ የሚያስቀምጥሽ፣ ደምሽ እየሞላ የሚያንስ ከሆነ የሴሊያክ ምርመራ ጠይቂ። አደራ፣ ስንዴውን ከማቆምሽ በፊት ተመርመሪ፤ ካቆምሽ በኋላ ምርመራው በሽታውን ሊደብቅሽ ይችላል።

እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ፈረንጆቹ በውድ ዋጋ የሚገዙት ግሉተን የሌለው እህል የኛ የዕለት እንጀራ ነው። ጤፍ የለበትም፣ ማሽላ የለበትም፣ በቆሎም ሩዝም የለባቸውም። የማሽላ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሳታውቀው ግሉተን የሌለው ምግብ ስትመገብ ኖራለች ማለት ነው። ግን የገበያ እንጀራ ከገዛሽ ጠይቂ። ሩዝ ወይም ማሽላ ተቀላቅሎበት ከሆነ ችግር የለም፣ ገብስ ወይም የፉርኖ ዱቄት ካለበት ግን ግሉተን አለው። በሶ ገብስ ነው፣ ቅንጬ ብዙ ጊዜ ስንዴ ነው፣ ሳምቡሳና ፓስታ ያው ስንዴ ናቸው።

ጎመንን ሰው ያለ ጥፋቱ ነው የከሰሰው። ጥቅል ጎመንና ዘመዶቹ ታይሮይድ አዮዲን እንዳይለቅም የሚያደርግ ነገር አላቸው፣ እውነት ነው። ጉዳት ለማድረስ ግን ስንት እንደሚፈጅ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሕክምና መጽሔት ላይ የተዘገበች የ88 ዓመት ቻይናዊት አዛውንት ነበሩ፤ ለስኳሬ ይሆነኛል ብለው በየቀኑ ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ጥሬ የቻይና ጎመን ለወራት በልተው ታይሮይዳቸው ሥራ አቁሞ ሆስፒታል ገቡ። ጥሬ፣ በየቀኑ፣ ከኪሎ በላይ። እኛ ጎመንን ቀቅለን፣ አብስለን ነው የምንበላው፤ ሲበስል ያ ነገር በጣም ይቀንሳል። ጎመንሽን ብይ። ጥሬ ጎመን በየጠዋቱ እየፈጨሽ መጠጣት ግን ይቅርብሽ።

አዮዲን ትንሽ ጠለቅ ያለ ነገር ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 ከመቶ ቤት ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 89 ከመቶ ደረሰ። ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሕፃናትን ከአእምሮ ጉዳት ያዳነ ነው። ስለዚህ ሃሺሞቶ አለብኝ ብለሽ የቤቱን ጨው አትቀይሪ፣ በተለይ ልጆችና እርጉዝ ካሉበት። አደጋው በሌላው በኩል ነው። «የታይሮይድ ቫይታሚን» ተብለው ከውጭ የሚመጡና በኦንላይን የሚሸጡ ኪኒኖች አሉ፣ ከባሕር ሣር የተሠሩ፣ አዮዲናቸው ከሚያስፈልግሽ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሃሺሞቶ እጢ ከመጠን ያለፈ አዮዲን ሲመጣበት ይባስ ይዳከማል። እንቅርት በአዮዲን እጥረት ሲመጣ አዮዲን መድኃኒቱ ነው፤ ያንን ሰምተሽ ለሃሺሞቶ አዮዲን አትጨምሪ። ጨውሽን ደግሞ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቀሽ አስቀምጪ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ፤ አዮዲኑ በሙቀት ይበናል፣ የድሬን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ሙቀት ካነሳን ኪኒኑም ሙቀት አይወድም። ብዙዎቹ ወረቀታቸው ላይ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ብርሃንና እርጥበትም ያበላሸዋል። ድሬ በሙቀቱ ወራት ከ35 ዲግሪ ታልፋለች። ኪኒኑን በቦርሳሽ ይዘሽ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ስትቀያይሪ፣ ወይ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጪው ኃይሉ እየቀነሰ ነው። ከነማሸጊያው፣ ከቤቱ በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ክፍል፣ መሬት ቀረብ ባለ መሳቢያ አስቀምጪ። ፍሪጅ ይቻል እንደሆነ እንደ ምርቱ ስለሚለያይ ፋርማሲስቷን ጠይቂያት። ስድስት ወር አከማችተሽ አትግዢ። ስትገዢ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ፤ 50 እና 100 ማሸጊያቸው በጣም ይመሳሰላል፣ የሚዋጠው ግን ግማሽና እጥፍ ነው።

ጥቁር አዝሙድ ሁሌ ይጠየቃል። ኢራን ውስጥ ሃሺሞቶ ያለባቸው 40 ሰዎች ላይ ለ8 ሳምንት የተሠራ አንድ ጥናት ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይቷል። 40 ሰው ጥቂት ነው፣ 8 ሳምንትም አጭር ነው። ምግብሽ ላይ ነስንሺው፣ ኪኒኑን ግን አይተካልሽም። ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን ኪኒንም ይሸጣል። ፀረ እንግዳ አካሉን ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ሰውን ያሻሽላል የሚለው ግን ገና አልጸናም፣ ሲበዛ ደግሞ መርዝ ነው፤ ፀጉርና ጥፍር ያረግፋል። ፀጉር እንዳይረግፍ የወሰድሽው ነገር ፀጉርሽን እንዲያረግፍ አትፍቀጂለት።

ስለ ፀጉር ካነሳሁ፣ ባዮቲን። ለፀጉር ተብሎ በየኮስሞቲክስ ቤቱ ይሸጣል። የታይሮይድ ምርመራን በአንዳንድ መሣሪያ ላይ ያዛባል፤ ቲኤስኤች ሳይወርድ የወረደ፣ ቲ4 ሳይጨምር የጨመረ ያስመስለዋል። ሐኪሙ መድኃኒት በዛብሽ ብሎ ይቀንስልሻል፣ አንቺ ደግሞ ትወድቂያለሽ። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሚው፣ መውሰድሽንም ንገሪ።

ጫትን ሳላነሳ ብቀር ስለ ድሬ የጻፍኩ አይመስለኝም። ጫት ልብ ያፈጥናል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። የኪኒኑ መጠን ትንሽ ከበዛም እነዚሁ ምልክቶች ይመጣሉ፤ ስለዚህ ልቤ ደለቀ ስትይ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሐኪምሽ ሲጠይቅሽ አትደብቂ፣ አቦ፣ ማንም አይፈርድብሽም።

ክብደት ደግሞ ብዙ ልብ ይሰብራል። የሆርሞኑ ማነስ ራሱ የሚጨምረው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ተኩል ኪሎ ነው፣ አብዛኛውም ውሃና ጨው ነው። ኪኒኑ ሲስተካከል ያ ይወርዳል። የቀረው እንደ ማንኛውም ሰው በምግብና በእግር ጉዞ ነው የሚቀንሰው። ለማቅጠን ብለሽ ኪኒን አትጨምሪ፤ ልብሽንና አጥንትሽን ነው የምትጎጂው።

ደምሽን ደግሞ አስመርምሪ። ሃሺሞቶ ካለባቸው አንዳንዶቹ መከላከያቸው ጨጓራቸውንም ስለሚያጠቃ ቫይታሚን ቢ12 አይመጠጥላቸውም። ረጅም ጾም የምትጾሚ ከሆነ ቢ12 የሚገኝበት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለወራት ገበታሽ ላይ የለም። ኪኒኑ ተስተካክሎም ድካሙ ካልለቀቀሽ፣ እጅና እግርሽን የሚደነዝዝሽ ከሆነ ቢ12ንና የደም መጠንሽን ጠይቂ።

የመጨረሻው ለልጅ ለምታስቢ። በእርግዝና የሆርሞኑ ፍላጎት ቶሎ ይጨምራል፣ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ከመቶ ከፍ ይላል፣ ጽንሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካንቺ በቀር የሚያገኝበት የለውም። የወር አበባሽ ከቀረ የተቀጠርሽበትን ቀን አትጠብቂ፣ በዚያው ሳምንት ሂጂ። ኪኒኑ ጽንሱን አይጎዳም፣ በፍጹም እንዳታቆሚው። ለእርጉዝ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የደም ማነስ ኪኒን ግን ብረት ነው። የወንድሜ ሚስት ሁለቱንም ጠዋት አንድ ላይ ነበር የምትውጣቸው፣ «እንዳልረሳ» ብላ። አሁን የታይሮይዱ ትራሷ አጠገብ ነው፣ የደም ማነሱ ደግሞ የራት ሳህን የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ።